አለቃይቱን ያስለቀሰ አባት

ፍራሽ ሰፊው፣ አንዲት ልጁ ሩቅ ከተማ ሥራ ከያዘች ወዲህ፣ የአልጋዋን ፍራሽ ፈትቶ ጥጡን እያባዘተ ደጋግሞ ሰፍቶታል። «ሰውዬ፣ ልጅቷ ሳትተኛበት አረጀ እኮ!» ትለዋለች ሚስቱ።

ልጅቷ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ነይ በተባለች ቁጥር መልሷ አንድ ነው፤ «አባዬ፣ አለቃዬ ዕረፍት ከለከለችኝ።»

አንድ ቀን አባት መርፌውን ኮሌታው ላይ ሰካና ጉሮሮውን ጠራርጎ ሆቴሉ ደወለ። አለቃይቱን አስጠራ። ሊለማመጥ ነበር ሐሳቡ፤ አፉ ግን አልታዘዝ አለው።

«የኔ እመቤት፣ ልጄን ለሥራ ላክኋት እንጂ አልዳርኩልዎትም!»

«አባቴ፣ ሰው የለኝም እኮ። እኔ ራሴ ዕረፍት ወጥቼ አላውቅም።»

«እናት አለዎት?»

«አሉኝ።»

«መቼ አዩዋቸው?»

በስልኩ ውስጥ አፍንጫ የመሳብ ድምፅ መጣ። ፍራሽ ሰፊው ክው አለ፤ የሰው አለቃ ማስለቀስ አመሉ አልነበረም።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አለ፣ አንቱታው ከነጭራሹ ጠፍቶበት። «እናት ቂም አትይዝም። አንቺ ብቻ ሂጂ።»

እሷም ሄደች! በማግስቱ ልጁ ደወለች።

«አባዬ፣ ምን ብለሃት ነው? እናቴን ልይ ብላ ውልቅ አለች! እስክትመለስ ተወካይዋ እኔ ነኝ። ምሳ እንኳ ቆሜ ነው የምበላው!»

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ተንከተከተች። «የሰው ልጅ ወደ እናቷ ሰደህ የራስህን አሳሰርካት! እንዳንተ ያለ አማላጅ ጠላቴን ይግጠመው!»

ከሁለት ሳምንት በኋላ አለቃይቱ ፊቷ ወዝቶ ተመለሰች፤ ልጅቷንም ሳትጠየቅ «በይ ሂጂ፣ ቤተሰቦችሽን እይ» ብላ ሸኘቻት።

ልጅቷ መጣች። አባትና እናቷን አገላብጣ ሳመች፣ ሁለት ጉርሻ ጎረሰች፣ ከዚያ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አባቷ በሰፋው ፍራሽ ላይ እንቅልፍ ጣላት።

አባት ሥራውን ዘግቶ የክፍሏ በር ላይ ዘብ ቆመ። ጎረቤቱን ሬዲዮ አስቀነሰ። የሰው ዶሮ አባረረ። እናት ሳህን ይዛ በጣቶቿ ጫፍ ስታልፍ አንዲት ማንኪያ ወደቀችባት።

«ቀስ በይ እንጂ አንቺ ሴት! ልጄን ልትቀሰቅሻት ነው እንዴ?» ብሎ አንባረቀ።

ልጅቷ ብድግ አለች። «አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«እናትሽ ናት» አለ።