ማንንም የማይጎዳው ወረቀት

መቀሌ፣ ሮማናት አደባባይ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ነው የያዙኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሎጂክ ፈተና ነበር፤ ገሚሱን አርሜ ገሚሱ ይቀረኛል። የታሰርኩበት ክፍል ጠባብ ነው፣ ሲሚንቶው እርጥብ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ፣ ከወሎ መጥተው መቀሌ ውስጥ ግንበኛ የሆኑ ሽማግሌ፣ ሰብሰብ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ሥራዬን ስነግራቸው ሳቁ።

«ሎጂክ ትምህርት ነው እንዴ? ሥራ ቦታ ነገር ያላማረው ሁሉ ‹ይሄ ሎጂክ የለውም› ይላል። ምን ማለት ነው?»

«ከተባለው ነገር የሚከተለውን በትክክል ማውጣት ነው፣ አቦይ» አልኳቸው። ለፈተና የሚሆን መልስ ነበር።

በአምስተኛው ቀን መርማሪው አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ሲመራ አይቻለሁ ይላል። አላየሁም።

«ስማ ዓርከይ» አለኝ እንደ ወዳጅ፤ «ሰውየው ከአገር ወጥቷል። የወጣን ሰው ወረቀት አይጎዳውም። ስለዚህ ብትፈርም የሚጎዳ የለም። ነገ ልጆችህ ጋ ነህ። የሎጂክ መምህር አይደለህ?»

እስከ ጠዋት አስብበት ብሎ ከነእስክሪብቶው ሰጠኝ። ወደ ክፍሉ ስመለስ ክርክሩን እንደ ተማሪ መልስ በልቤ አረምኩት። ዛሬም አፍራለሁ፤ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። ልጆቼ ናፍቀውኝ ነበር፤ መፈረም ፈልጌአለሁ።

ምሳ እየበላን ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«ካልጎዳው ለምን ፈለጉት?»

ወረቀቱን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት።

«ወላሂ ሎጂክህን አላውቅም፣ መምህር። ግን ምንም ለማይሸከም ግድግዳ ድንጋይ ጥረብ ያለኝ ሰው የለም። ሚስቱስ? እሷም ከአገር ወጥታለች?»

አልወጣችም። እዚያው መቀሌ፣ ዓይናለም ሰፈር ነበረች፣ ከነልጆቿ። ፊቴ ጋለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳስተምረው የኖርኩትን ጥያቄ፣ መነሻው እውነት ነው ወይ የሚለውን፣ ራሴን መጠየቅ ጠፍቶኝ ነበር።

ጠዋት ወረቀቱ ግርጌ «አላየሁም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። መርማሪው አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰባት ሳምንት እስር ተጨመረብኝ።

ከወጣሁ በኋላ ስለ ሽማግሌው ግንባታ ባየሁበት ሁሉ ጠየቅኩ፤ ላገኛቸው አልቻልኩም። ሳላመሰግናቸው መቅረቴ ይቆጨኛል። ባልደረባዬ ግን ተመልሷል። አንዳንድ እሑድ ቤቱ ይጠራኛል። ስለ ወረቀቱ ነግሬው አላውቅም። ሚስቱ ሻይ ስታቀብለኝ ሳላፍር ዓይኗን እያየሁ እቀበላታለሁ፤ ይህን የሰጡኝ ሽማግሌው ናቸው።