ሳትድን ድናለች አልኩ

ይህን ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም፤ ሳይሰማው አረፈ። ለጌታ ስነግረውም ዙሪያውን እየዞርኩ ነው። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ታናሽ እህቴ ጽጌ አረቄ ትጠጣ ነበር። ይህን ናዝሬት ውስጥ የማያውቅ ጎረቤት አልነበረንም። ያላወቁት የበላችውን ጓሮ ሄዳ፣ ጣቷን ጉሮሮዋ ከትታ እንደምትመልሰው ነው። ከመክሳቷ የተነሣ አምባሯ እስከ ክርኗ ይወጣ ነበር።

ሐኪሙ ሁለቱም በሽታ ነው አለን። አስተኝቶ መጠጡን አስተዋት፤ ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ ስጧት፣ በየሳምንቱም አምጧት አለ። አንድ ማንኪያ አጥሚት ለመዋጥ ስትታገል እጇን ይዤ ተረት አወራላት ነበር። ያኔ ጥሩ እህት ነበርኩ።

በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ በየቤቱ በተራ እንጸልይ ነበር። እኛ ቤት በደረሰ ቀን ሁሉም ፊቱ ጠቁሯል፤ የታሰሩብን ነበሩ። ደስ የሚል ወሬ ጠምቶናል። ተነሣሁና ጽጌ ያለ መድኃኒት፣ በጸሎት ብቻ ድናለች ብዬ መሰከርኩ። ማን ጠየቀኝ? እልልታው እንኳ በሹክሹክታ ነበር።

ጓዳ ስንገባ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ጠዋትም መልሼዋለሁ እኮ» አለችኝ።

«ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት።

ከዚያ ወዲያ ሐኪም ቤት አልወሰድኳትም። ድናለች ያልኳትን እዚያ ወረፋ ስትጠብቅ ቢያዩአት ምን ይሉኛል? እሷም ማዕድ ሲቀርብ ጾም ይዣለሁ ማለት ጀመረች። ሰው ትጋቷን አመሰገነ። ጾም እንዳልሆነ እያወቅሁ አሜን አልኩ።

በሦስተኛው ወር አረቄ አረቄ እየሸተተች ደጃፍ ላይ ወደቀች። በጋሪ ጭኜ ወሰድኳት። ሐኪሙ የት ከረማችሁ አለ እንጂ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

ተረፈች። የጸሎት ወዳጆቻችን ሊጠይቋት ሲመጡ አንዲት እናት፣ «ድና ነበር እኮ፤ እምነቷ ጎድሎ ነው» አሉ። አልጋዋ ግርጌ ተቀምጫለሁ። ጽጌ አየችኝ። ጠበቀችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ሴትዮዋ መለሰች።

«አዎ እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች።

እኔ ዝም አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዝም አልኩ።

በዘመኑ ላሳብብ? በፍርሃቱ? መርማሪ አልነበረም ያን ቀን ያናገረኝ፤ ራሴ ነኝ ተነሥቼ የተናገርኩት።

ጽጌ ዛሬ ሞጆ ናት። ትበላለች፤ ያቃታት ቀን ትነግረኛለች። ይቅር ብላኛለች፣ ብዙ ጊዜ። ያን ቀን እዚያ የነበራችሁ ካላችሁ ግን ስሙኝ፤ ጽጌ እምነት አልጎደላትም። የጎደላት ሐኪም ነው፤ ያስቀረሁባትም እኔ ነኝ።