«አልመልሰውም» ማለት «ቸግሮኛል» ማለት ነው

አብራን የምትኖረው አክስቴ ቬርና ስታምፐር ከሥራ ስትመለስ ከመኪናዋ ቶሎ አትወርድም። ሞተሩን አጥፍታ፣ መሪውን እንደያዘች፣ የጋራዡን ግድግዳ እያየች ትቀመጣለች። እናቴ በመስኮት አይታ «ተዋት፣ ወደ ሰውነቷ እስክትመለስ ነው» ትለናለች። አንዳንድ ቀን ሾርባው እስኪቀዘቅዝ አትመለስም።

ሥራዋ ስሙ ያምራል፤ የቤተሰብ አገልግሎት አስተባባሪ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን መራመድ፣ መናገር ወይም መብላት ሲዘገይበት ቤቱ ድረስ ትሄዳለች፤ ወለል ላይ ትቀመጥና ከቤተሰቡ ጋር ዕቅድ ታወጣለች። የተወለደችው እዚሁ ምሥራቅ ኬንታኪ፣ ከሰል ቆፋሪዎች በሚኖሩበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ኮሌጅ ከመግባቷ በፊት ጂንስ ፋብሪካ ኪስ ትሰፋ ነበር። ሌላ ነገር አይደለም፣ ኪስ ብቻ። ፋብሪካው ተዘግቶ ደብተር ስትይዝ ባሏ «አሁን ደግሞ ምሁር ልትሆኚልን ነው?» ብሎ ሳቀባት። ስትመረቅ ግን ባል የሚባል አልነበራትም፤ እሱም ሳቁን ይዞ ሌላ ቤት ገብቶ ነበር።

ዕቅዱ ውስጥ «ሌሎች አገልግሎቶች» የሚባል ገጽ አለ። የምትሠራበት ፕሮግራም ራሱ የማይከፍልለት፣ ልጁ ግን የግድ የሚያስፈልገው ነገር እዚያ ይጻፋል፤ የሐኪም ምርመራው፣ መነጽሩ፣ ሆስፒታል የሚያደርሰው መኪና። ያልተገኘ ነገር ካለ ለማግኘት ማን ምን እንደሚያደርግም አብሮ ይጻፋል። ሕግ ነው፣ የአክስቴ ደግነት አይደለም። ግን ስንት ቢሮ ነው ይህን ገጽ ባዶውን አስሮ መሳቢያ የሚከት! ባዶ ገጽ ንጹሕ ገጽ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በሐሰት መመስከር ነው የምለው። «ይህ ልጅ ምንም አልጎደለውም» ብሎ ፈርሞ ምሳ መብላት ሌላ ምን ስም አለው?

ሆበርት ፍሬሊን ቬርና ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ከአባቷ ጋር አንድ ጉድጓድ የወረደ ሰው ነው። ከጉድጓዱ ያተረፈው የሳንባ በሽታ ነው። አሁን የልጅ ልጁን ኬሰንን ብቻውን ያሳድጋል። እናቱ የት ናት ብሎ በእኛ ሸለቆ የሚጠይቅ የለም፤ ሱስ የሚያስይዘው የሕመም ማስታገሻ ክኒን የወሰደብንን እያንዳንዱ ቤት ያውቃል።

ኬሰን ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖትም ወተት በጠጣ ቁጥር ትን ይለዋል፤ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። አመጋገብ የምታለማምደው ባለሙያ ሲውጥ በራጅ የሚያዩበት ምርመራ ያስፈልገዋል ብላ ነበር። ምርመራው ያለው ሌክሲንግተን ከተማ ነው። የሆበርት ፒክአፕ ደግሞ ከተራራው ወዲያ ማዶ አያደርስም።

ቬርና ወለሉ ላይ፣ ከኬሰን የድስት ክዳኖች መሀል ተቀምጣ ጠየቀችው።

«ሆበርት፣ የሚያደርሳችሁ ብናገኝ ምርመራውን ትፈልገዋለህ?»

«እኛ ደህና ነን።»

«ደህና መሆናችሁን አይቻለሁ። እኔ የምጠይቅህ ስለ ልጁ ነው።»

«ልጁማ የሰጡትን ይበላል፤ ሳህኑን ካልነጠቅሽው ሳህኑንም ይበላዋል።»

«ሲበላም እንደ አሮጌ ትራክተር ያስለዋል።»

«ታዲያ በማን ይውጣ?» አለ ሆበርት፣ እሱም እያሳለ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሽማግሌው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና «እንግዲህ… ቢመጣ አልመልሰውም» አለ።

በእኛ ዘንድ «ያስፈልገኛል» የሚል ቃል ከአዋቂ ሰው አፍ አይወጣም፤ የለማኝ ቃል ነው። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ብርድ ልብስ ትፈልጋለህ ወይ ብትሉት «ቢመጣ አልመልሰውም» ይላችኋል። ልጆቼ በብርድ አለቁብኝ ማለቱ ነው። ቬርና ይህን የምታውቀው ተምራ አይደለም፤ በቤታቸውም የሚነገረው ይኸው ነበር። ስለዚህ ምርመራውንም መኪናውንም ገጹ ላይ አሰፈረች። መመሪያው የቤተሰቡን ፍላጎት በራሱ በቤተሰቡ ቃል ጻፉ ስለሚል፣ የሆበርትን ቃል እንዳለ አስቀመጠችው።

አለቃዋ ሎረል ወጣት ናት፣ የትልቁ ከተማ የሉዊቪል ልጅ። ክፉ አይደለችም፤ የቢሮውን ሰው ልደት ሁሉ አስታውሳ ኬክ ታመጣለች። ገጹን ይዛ ወደ ቬርና ጠረጴዛ መጣች።

«ቬርናዬ፣ ይሄ እኮ ፍላጎት አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ምርጫ ነው። ቢመጣ አልመልስም ማለት ባይመጣም ግድ የለኝም ማለት ነው።»

«እዚህ አገር እንደዚያ ማለት አይደለም፣ ሎረል።»

«እኔ ይገባኛል። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ግን የሚያነበው የተጻፈውን ነው። ከጻፍነው ደግሞ አላደረጋችሁም ተብለን የምንጠየቀው እኛ ነን።»

አያችሁ? የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው ዋናው፤ የቀረው ማጣፈጫ ነው። ልጁ ትን ይበለው፣ እኛ ብቻ አንጠየቅ! ቬርና ያን ዕለት ገና ሌሎች ቤቶች ይጠብቋት ነበር፤ ጉልበቷም አብጦ ነበር። «እሺ፣ እንዳልሽ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ገጹ ታትሞ ሲመለስ «ቤተሰቡ ሌላ ፍላጎት እንደሌለው ገልጿል» ይላል።

በክረምቱ ብርድ ኬሰን የሳንባ ምች ይዞት የወረዳችን ሆስፒታል ተኛ። በትንታው ወደ ሳንባው የገባው ወተት ነው ብለው ሐኪሞቹ ጠረጠሩ። ቬርና ስትደርስ ሆበርት ኮሪደር ላይ ቆቡን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ተኛ እንዴ?» አለችው።

«አሁን ገና። ሲተነፍስ የሚያፏጭ ነገር አለው።» ቆቡን በእጁ እያዞረ «የኔ ነው የሚመስለው፣ ድምፁ» አለ።

ጸደይ ሲገባ ልጁ ሦስት ዓመት ይሞላዋል። በዚያ ቀን ዕቅዱ ያበቃል፤ ጉዳዩ ወደ ትምህርት ቤት ይተላለፍና ሁሉም ነገር ሀ ተብሎ በማያውቁት ሰዎች ይጀመራል። ያን ሁሉ እስኪጀምሩ ሌላ ምች ቢመጣስ? ቬርና ዕቅዱ እንዲሻሻል ስብሰባ ጠራች። ሎረልም «እመጣለሁ፣ ግን በግልጽ ይበሉት፤ እኔ መተርጎም አልችልም» አለች። ስለዚህ ቬርና ከስብሰባው በፊት ብቻዋን ወደ ሆበርት ሄደች።

«አንድ ቃል እንድትልልኝ ነው የመጣሁት።»

«ምን ቃል?»

«ያስፈልገናል በል።»

«ነግሬሽ የለም እንዴ! ቢመጣ አልመልሰውም አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል። እኔ ገብቶኛል። እነሱ አልገባቸውም።»

«ታዲያ ምን ላድርግላቸው? ልንበርከክላቸው?»

«አዎ» አለች ቬርና። ለማለስለስ እንኳ አቅም አልነበራትም።

ሽማግሌው ፊቱ ቀላ። «አንቺ የክላይድ ስታምፐር ልጅ አይደለሽም? አባትሽ ይህን ከአፍሽ ቢሰማ ምን ይል ነበር?»

«አባቴ ሞቷል፣ ሆበርት። ኬሰን ግን አለ።»

ሽማግሌው ተነስቶ የባቄላ ድስቱን ማማሰል ጀመረ።

ስብሰባው እዚያው ወጥ ቤቱ ውስጥ ሆነ። ሆበርት ጢሙን ተላጭቶ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ሸሚዝ ለብሷል። የበቆሎ ዳቦ ጋግሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል፤ ሎረል አመስግና ቁራሽ አነሳች። ኬሰን ከጠረጴዛው ሥር በድስት ክዳን ወለሉን ይደበድባል።

«አቶ ፍሬሊ፣ ለኬሰን የሚያስፈልግ ሌላ አገልግሎት አለ?» አለች ሎረል፣ ብዕሯን አዘጋጅታ።

«እኛ እንኳ ደህና…» ብሎ አቆመ። ቬርናን አያት። ቬርና እጇን ታያለች፤ ብታግዘው ቃሉ የእሷ ይሆንና ገጹ ዳግመኛ ባዶ ይቀራል።

«ያስፈልገናል» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

«ይቅርታ፣ በክዳኑ ጩኸት አልሰማሁዎትም።»

ሴትዮዋ እውነትም አልሰማችም። ግን እንዲህ ያለ ቃል አንድን ሰው ሁለቴ ማስባል! ሆበርት ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ምርመራው ያስፈልገናል! የሚያደርሰንም ሰው ያስፈልገናል! እኔ አልቻልኩም!» ብሎ ጮኸ። ኬሰን ክዳኑን ጣለና አለቀሰ። ሽማግሌው ብድግ አድርጎ አቀፈው፤ ስብሰባው እስኪያልቅም ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ።

ገጹ ተሞላ። ሆስፒታል የሚደውል ማን እንደሆነ፣ ለሕመምተኞች የሚመደበውን መኪና ማን እንደሚጠይቅ፣ እስከ መቼ፣ ሁሉም ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀላል ነበር፤ እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው። ይህን ያህል ቀላል ከነበረ ሽማግሌውን ለምን አዋረዳችሁት? ቬርና ደወለች፣ ጠበቀች፣ እንደገና ደወለች። ልደቱ ሳይደርስ ሌክሲንግተን ሄዱ። ራጁ ላይ ወተቱ በተሳሳተው መንገድ ሲወርድ በዓይናቸው አዩት። ሐኪሙ የሚጠጣው ሁሉ እንዲወፍር የሚቀላቀል ዱቄት አዘዘለት። ኬሰን አሁን ሲጠጣ ትን አይለውም፤ ማፏጨቱም ቆሟል።

ልደቱ ሲደርስ ቬርና የመጨረሻውን ወረቀት ልታስፈርም ሄደች። ሆበርት በረንዳው ላይ ቆሞ ፈረመላት።

«በቃ?» አላት።

«በቃ፣ ጨርሰናል። ኬሰን እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

በእኛ ሸለቆ እንግዳ ሊሄድ ሲል «ምን አጣደፈሽ፣ ቁጭ በይ እንጂ» ሳይባል አይሸኝም። ለቀረጥ ሰብሳቢም ይባላል፤ የምር ባይሆንም ይባላል። ቬርና ደረጃው ላይ ትንሽ ቆየች። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። ሆበርት ይህን ሳይላት የሽቦ ወንፊቱን በር ከፍቶ ገባ፤ ከውስጥ ኬሰን ስለ አንድ ነገር ሲስቅ ይሰማል።

ያን ቀን ጋራዡ በር ላይ ከመኪናዋ ሳትወርድ ቆየች። እናቴ ሾርባውን ሁለት ጊዜ አሞቀችው።