የመኪናዋ ጉልበትና የአባቴ ጉልበት

ሰቆጣ ውስጥ መኪና ልገዛ ነው ካላችሁ ምክር በነፃ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ይዞ መጣብኝ፤ «ከፍ ያለ ግዢ!» እኔ ደግሞ የምፈልገው ዝቅ ያለ ነው። ይሄን ስነግራቸው ይስቁብኛል፤ ይሳቁ!

ምክንያቴ አባቴ ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር ዜማ ሲያስተምሩ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። ጉልበታቸው ሲከዳቸው በሰው መኪና እንወስዳቸው ጀመር። ከፍ ያለ መኪና ላይ ለማውጣት ግን አንዱ ብብታቸውን፣ ሌላው እግራቸውን ይዞ ማንሳት ነበረበት። አንድ ቀን ተማሪዎቻቸው እያዩ እንዲያ ተንጠልጥለው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች! «ሰው ተሸክሞ የሚወስደው ሬሳ ነው፤ ስሞት ትወስዱኛላችሁ» ብለው ቤት ተቀመጡ። ባጃጅ ሞከርን፤ ወገባቸውን ፈጀው። ተማሪዎቹም አንድ በአንድ ወደ ሌላ ደብር መሄድ ጀመሩ። አባቴ ግን ጠዋት ጠዋት ጥምጥማቸውን አሳምረው ጠምጥመው ደጅ ይቀመጣሉ። ያን ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር።

አንድ የማውቀው ነጋዴ ከወልድያ ይዟት የመጣው መኪና ትንሽ ናት፤ ቀይ፣ ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ ባለ አምስት በር፣ መብራቷ የተኳለ ዓይን የመሰለ። አልዋሽም፣ ልቤ ደንገጥ ብሏል። ጎረቤቴ ዙሪያዋን ዞራ አየቻትና፣ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! ይቺ እኮ የአስፋልት ሙሽራ ናት» አለችኝ። ሞተሩ ሲነሳማ ባሰባት፤ ናፍጣ ናትና ድምፅዋ የጭነት መኪና ነው። «ደሞ ታስላለች!» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ነጋዴውን፣ «ወንድሜ፣ በአስፋልት አልሞክራትም። አባቴን አሳፍሬ በደብሩ መንገድ ነው የምነዳት። ጠዋት እሳቸውን አድርሼ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ማታ ደግሞ መልሼ፣ በየቀኑ የምትችለው ከሆነ እንነጋገራለን» አልኩት። «እሺ፣ ለዛሬ ብቻ» ብሎ ከኋላ ገባ። ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ የኋላውን ጥበት አልወደድኩትም።

ጋቢናውን ከፈትኩ። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ልክ እንደ መደብ ቁጭ አሉ፤ ከዚያ እግራቸውን በተራ አስገቡ። ማንም አልነካቸውም። መቋሚያቸው አልገባ ቢል የኋላውን ወንበር ግማሹን አጥፈን በኋላ በር በኩል አጋደምነው።

የፈራሁት ዳገቱን ነበር። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ያዝኩት፤ ትንሽ አጉረመረመችና ጎትታ ወጣች። እሰይ! መሪዋ ቀላል ነው፤ ፍሬኗም ቶሎ ይይዛል። ጎማዋ ግን ቀጭን ስለሆነ ጠጠሩን አንድም ሳታስቀር ለወገብ ትነግራለች።

«ወገብዎን አመመዎት?» አልኳቸው።

«ከባጃጁ ትሻላለች። መንገድሽን እይ!»

ደረቁ ወንዝ ላይ ስንደርስ ጓ! አለ። መሃል ላይ ያፈጠጠ ድንጋይ ሆዷን ነካት። ወርጄ ተንበርክኬ አየሁ፤ ተጫረች እንጂ ዘይት አልፈሰሰም። ነጋዴው፣ «እንመለስ፤ ይቺ ለከተማ ናት» አለ። ጉድ እኮ ነው፤ ሊሸጥልኝ ሲመጣ እንዲህ አላለም!

አባቴ ወደ ፊት፣ ወደ ደብሩ ያያሉ። ንዴቴ መጣ። ከፍ ያለ መኪና ድንጋዩን ያልፋል፤ አባቴን ግን ቤት ያስቀራል። ዝቅ ያለችው አባቴን ትይዛለች፤ ድንጋዩ አያሳልፋትም። ከአባቴ ጉልበትና ከድንጋዩ መነሳት ያለበት ድንጋዩ ነው!

መኪናዋን ወደ ኋላ መለስኳትና ከማዶ ከሚያርሱ ሰውዬ ድጅኖ ለመንኩ። ነጋዴው፣ «መንገድ ሥራ ገባሽ እንዴ?» እያለ ሲያሾፍ ቆየና፣ ኋላ ሲያፍር ጃኬቱን አውልቆ መጣ። ብንገፋው ነቅነቅ አላለም። ሥሩን ቆፈርን፤ ቀሚሴ በአቧራ ተለወሰ፣ መዳፌ ተላጠ። አባቴ በመስኮት፣ «በግራ በኩል! በግራ ነው የምላችሁ!» እያሉ ያዙናል። ቤት ከዋሉ ወዲህ እንዲያ ጮኸው ሰምቻቸው አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ሥራው ራሱ ቀለለኝ። ድንጋዩ ተገለበጠ፣ ጉድጓዱን በጠጠር ሞላነው፣ አለፍን።

ደብሩ ደጅ የቀሩት ጥቂት ተማሪዎች ሊደግፏቸው ሮጠው መጡ። አባቴ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፣ አንዱን እግር አወረዱ፣ ሌላውን ደገሙ፣ የበሩን ጠርዝ ይዘው ብድግ አሉ። ተማሪዎቹ ጎንበስ ብለው ያንን የታመመ ጉልበት በተራ ሳሙ። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ነጋዴው መቋሚያውን አቀብሏቸው ወደኔ መጣ። «በይ እህቴ፣ አየሻት አይደል? ልመልሳት» ብሎ እጁን ዘረጋ።

አባቴ ከበሩ ዞር ብለው፣ «ነገ ከኪዳን በፊት ድረሺ፤ እንዳታረፍጂብኝ» አሉኝ።

«ቁልፉ እኔ ዘንድ ያድራል» አልኩት ነጋዴውን።