አዛን ሲል የሚቆመው ሃውስ

ባለፈው እሑድ ሐይቁ ዳር ባለችው ጋባ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለው ሜዳ፣ የወንድሜ ልጅ አክረም ስፒከሮቹን ሲሞክር የጋለ አቧራና የጀነሬተር ቤንዚን ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ዓሣ ልገዛ መምጣቴንም ረሳሁት። ወንድሜ ጀማል አጠገቤ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በወጣትነቱ ያደግንበት ሰፈር የናሙዎንጎ ዲጄ ነበር፤ የሚያጫውተውም ሃውስ የሚባለውን የጭፈራ ሙዚቃ ብቻ። የልጁ ግን ሌላ ነው፤ እየተንደረደረ ልብ የሚያስጨንቅ ነገር። «አክስቴ፣ የአባዬ ሃውስ እኮ ዘመኑ አልፏል፤ አሁን ለሠርግ አዳራሽ ነው የሚሆነው» አለኝ አክረም እየሳቀ። ጀማል አልሳቀም። እኔንም ነገሩ ከነከነኝና በሐሳብ ወደ ናሙዎንጎ ተመለስኩ።

አባታችን ከወሎ ወደዚህ ሰው አገር የመጣ ባለሱቅ ነበር፤ ስኳር፣ ሳሙናና ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ዱቄት ይሸጣል፤ ለሙዚቃ ጆሮ አልነበረውም። ከሱቁ ፊት ለፊት ቦዳዎች፣ ሰው የሚያመላልሱት ባለሞተሮች፣ የሚቆሙበት ሜዳ አለ፤ ጀማል እሑድ እሑድ በገዛ እጁ የገጣጠማቸውን ሁለት ስፒከሮች እዚያ ያወጣል፤ ከሜዳው ማዶ ደግሞ መስጊዱ ነው። አባቴ ሙዚቃውን ሲፈቅድ፣ «አንድ ቀን በአዛን ላይ ከጮኸ አንተም ሳጥኖችህም ከቤቴ ትወጣላችሁ» ብሎ ነበር። አባቴ ተናግሮ የማያደርገው ነገር እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ የእኛ ሃውስ እንደ ሌላው አገር ሃውስ አልነበረም። ለአሱር፣ ለከሰዓቱ ሶላት፣ አዛን ሲል ጀማል የድምፁን ቁልፍ ወደ ግራ አዙሮ ያጠፋዋል፤ የሚጨፍረው ሕዝብም፣ አብዛኛው ክርስቲያን ሆኖ ሳለ፣ ባለበት ይቆማል፤ ላቡን ይጠርጋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ አንዳንዱ ምቱ እንዳይጠፋበት ጭኑን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። አዛኑ አብቅቶ ሙዚቃው ሲመለስ ሜዳው እንዳለ በአንድ ጊዜ ይነሣል። እኔ ባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ያችን ቅጽበት ስጠብቅ የደንበኛውን ስኳር አበዛለሁ፤ አባቴም «የአባትሽ እኮ ነው» ይለኛል።

አንድ እሑድ አዛኑ ጀመረ፤ ሙዚቃው አልቆመም። ጀማል ጀርባውን ለመስጊዱ ሰጥቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ቀጣዩን ዘፈን ይፈልጋል፤ ጀነሬተሩ እግሩ ሥር ይንጫጫል። አባቴ ሚዛኑን አስቀመጠ። ቆቡን አስተካክሎ ከሱቁ ወጣ። ወንድሜን ዛሬ አጣሁት አልኩ፤ በዚያ ሰዓት የፈራሁትን ያህል ከዚያ ወዲህ ፈርቼ አላውቅም። አባቴ መንገዱን ተሻግሮ፣ በቦዳዎቹ መካከል አልፎ ሕዝቡ መሃል ገባ።

ሕዝቡ ግን ቆሞ ነበር። ሙዚቃው እየጮኸ አንድ እግር አይንቀሳቀስም፤ ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የሚጠቀለል እንቁላል የምትጠብሰው ናካቶ እንኳ መጥበሻዋን ከእሳቱ አንሥታለች። ጀማል ቀና ብሎ ያንን ሁሉ የቆመ ሰው ሲያይ ክው አለ፤ ወዲያው አጠፋው። አባቴ ፊቱ ደርሷል። አዛኑ እስኪያልቅ አባትና ልጅ ተፋጠው ቆሙ። ከዚያ አባቴ ሕዝቡን ዞር ብሎ አየና፣ «ሰዎችህ ካንተ ይሻላሉ» ብሎት ወደ መስጊዱ ሄደ። ሳጥኖቹም ጀማልም ከቤታችን አልወጡም።

አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ቆየ፤ የናሙዎንጎው ሜዳም ላይ ፎቅ ተሠርቶበታል። ጋባ ላይ እነዚህን ሁሉ እያሰብኩ አሱር ደረሰ። አዛኑ ከአክረም ስፒከሮች ሥር ቀጥኖ ይሰማል፤ ከሚጨፍሩት ልጆች አንድም የቆመ የለም። ልጆቹን አልወቅስም፤ በአንድ ወቅት ይቆም እንደነበር ማን ነገራቸው? ሃውስ ዘመኑ ይለፍ አይለፍ እኔ አላውቅም፣ በየሠርጉ እሰማዋለሁ፤ እኔን የናፈቀኝ ለሌላው ጸሎት ብሎ ጭፈራውን የሚያቆም ያ ሕዝብ ነው። ጀማልን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ዓይኑ ሐይቁ ላይ ነው፤ ቀኝ እጁ ግን ጉልበቱ ላይ፣ ቁልፍ እንደያዘ ሁሉ፣ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ።