የአንክል ሬይ የሕፃን ገበታ

ዛሬ ኮሊንግዉድ፣ ከፎቃችን ሥር፣ ጎረቤቴ አንክል ሬይ የጠረቡትን ጎድጓዳ የእንጨት ገበታ ውስጡን በጉንጫቸው ሲዳብሱ አገኘኋቸው። የአገሩ ነባር ተወላጅ ናቸው፤ እዚህ «አንክል» እንደኛ «ጋሼ» ነው።

«ስንጥር እየፈለግሁ ነው» አሉኝ። «እጄ ደንዝዟል፤ ጉንጭ አይሳሳትም።»

እኔም ጉንጬን ላስጠጋ ስል ጢሜን አይተው ገበታውን አሸሹብኝ።

ወገኖቻቸው ሕፃን የሚያስተኙት እንዲህ ባለ ገበታ ነው። እሳቸውን ግን መንግሥት፣ ያኔ በነባሮቹ ልጆች ላይ ያደርግ እንደነበረው፣ በሕፃንነታቸው ከእናታቸው ነጥቋቸው ስለነበር፣ ሙያውን የተማሩት በስተርጅና፣ መጠጥ ለመተው ሲታገሉ ነው።

ልጃቸው «መጠጡን ሳትተው የልጅ ልጅህን አታቅፍም» ብላቸው ነበር። ዛሬ አራስ ልጇን ይዛ መጣች።

ሕፃኗን ገበታው ላይ አስተኝታ አባቷን ለጥቂት ጊዜ አየቻቸው።

«በል ያዛት፣ አባባ። እኔ ሻይ ላፍላ» ብላ ትታቸው ገባች።

እናንተስ፣ የእጅ ሥራ ከመጠጥ ያወጣው ሰው ታውቃላችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።