የፈርዖን ስንቅ

ልጅ ሳለሁ፣ እናት አባቴ «አስተምራታለሁ» ላሉ ሀብታም ዘመዳችን ሰጥተውኝ፣ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ነበር የማድረው። ትምህርቱ ቀረ፣ ሥራው መጣ። እትዬ ዘነበች፣ የቤቱ እመቤት ማለቴ ነው፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ብርቄ!» ሲሉ «አቤት» ብዬ መሮጥ ነው፤ ውሃ አምጪ፣ እግሬን እጠቢ፣ መጋረጃውን ሳቢ።

ያኔ የእኔ ዕረፍት ሲመሽ ነበር። እራት ተበልቶ ዕቃው ከታጠበ በኋላ ከውጭው በር አጠገብ ወዳለችው የዘበኛ ቤት እሄድና ከአባባ ዱባለ የከሰል ምድጃ ዳር ኩርምት ብዬ እቀመጣለሁ። ቤቲቱ ዙሪያዋን ቆርቆሮ ስለነበረች ጭሱ መውጫ አጥቶ ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ፋኖሱም ብርጭቆው በጥላሸት ጠቁሮ የሚያበራው የሽማግሌውን አፍንጫና ጢም ብቻ ነው፤ የቀረው ፊታቸው ጨለማ ውስጥ ሆኖ ይናገራል።

አባባ ዱባለ በጉብዝናቸው የአንድ ትልቅ ሰው አሽከር ነበሩ። ጌታቸው ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ሲሄዱ ሻንጣ ተሸክመው ተከትለዋቸው፣ መንገድ ላይ ጌትዮው ግብፅ ታመው ተኝተው ኖሮ፣ እሳቸው ሥራ ሲፈቱ ከጥንት ነገሥታት መቃብር የወጣው ዕቃ ወደሚታይበት ቤት ይሄዱ ነበር። ያዩትን ነው የሚያወሩልኝ፤ እኔ ግን ተረት ይመስለኝ ነበር።

ፈርዖን ሲሞት እንደኛ አጥበው ከፍነው በማግስቱ አይቀብሩትም ይላሉ። ሆድ ዕቃውን አውጥተው በማሰሮ ያስቀምጡለታል፣ ሥጋውን በጨው ያደርቁታል፣ ከዚያ ዘይትና ሽቱ እየቀቡ በስስ ጨርቅ ይጠቀልሉታል። ልቡን ግን እዚያው ይተዉለታል፤ ወዲያኛው ዓለም ሲደርስ ከላባ ጋር በሚዛን ይመዘናላ። እዚህ ላይ ሲደርሱ እኔ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየሁት የቅዱስ ሚካኤል ሚዛን ትዝ ይለኝና «ታዲያ እንደኛው አይደሉም እንዴ?» ስላቸው፣ «ዝም ብለሽ ስሚ፣ አንቺ ቄስ» ይሉኛል።

ከዚያ ስንቁ ይመጣል። ዳቦው፣ ጠላው፣ የደረቀው ሥጋ፣ አልጋው፣ ሠረገላው፣ ሙት ሰው የሚራመድበት ይመስል የወርቅ ጫማው። ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ። ወደ ትንንሾቹ ሰዎች ሲደርሱ ግን ሳቃቸው ይጠፋል፤ ፍሙን እየቆሰቆሱ ድምፃቸው ይወፍራል። ከሸክላና ከእንጨት የተሠሩ፣ ክንድ የማይሞሉ ሰዎች ናቸው፤ እጃቸው ላይ መቆፈሪያ፣ ጀርባቸው ላይ የዘር ከረጢት ተደርጎላቸው በመቶ እየሆኑ ከንጉሡ ጋር ይቀበራሉ። ወዲያ ማዶ ንጉሡ ለእርሻ ሥራ ሲጠራ፣ በእሱ ፈንታ «አለሁ» ብለው ሊነሡ ነው። ገላቸው ላይ እንዲህ ተብሎ ተጽፎባቸዋል አሉ፤ አስጎብኚው ነው ያነበበላቸው።

«አየሽ ብርቄ፣ እኔ ጌታዬን ፀሐይ ሳልል ብርድ ሳልል አገልግያለሁ» ይሉኛል። «ሞቴ ግን የራሴ ነው። እዚያ ማንም አይጠራኝም።»

ያኔ ነገሩ አልገባኝም። የገባኝ እትዬ ዘነበች የታመሙ ጊዜ ነው።

መቃብራቸው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በጥሩ ድንጋይ ቀድሞ ተሠርቶ አልቋል። ዘመድ አዝማድ አልጋቸውን ከቦ፣ እሳቸው ትራስ ተደግፈው ንብረታቸውን በቃል ያከፋፍላሉ፤ ሣጥኑን ለእህታቸው፣ ምንጣፉን ለወንድማቸው። እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። «ብርቄ ደግሞ ለልጄ ለአልማዝ ትሁን፤ እጇ ፈጣን ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን እንኳ ወደኔ ሳያዞሩ። አልማዝም ከዕቃው ጋር መኪና ላይ የምታስጭነኝ ይመስል ከእግሬ እስከ ራሴ ለካችኝ።

ምን ልበላችሁ፣ ያኔ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ለዓይኔ የመጣው ያ መቆፈሪያ የያዘ የሸክላ ሰው ነው። እትዬ ሞተውም ሊያዙኝ ነው። አልማዝ ስታረጅ ደግሞ ለልጇ ታወርሰኛለች፣ እኔም እንደቆምኩ እቀራለሁ።

«እኔ አልሰጥም» አልኩ።

እትዬ «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሉ።

«ማንም አልጠየቀኝም እትዬ። ለዚያ ነው የተናገርኩት።»

አልማዝ ልትመታኝ ተነሣች። እኔ ማስታጠቢያውን ጠብታ ሳላፈስ መሬት አስቀመጥኩና ወጣሁ። ከኋላዬ እትዬ «ብርቄ!» ብለው ሲጣሩ ሰማሁ። «አቤት» ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ ዋጥኳት።

የዚያ ግቢ በር ሁለት ነው፤ እኛ አጎንብሰን የምንገባባት ትንሿ፣ እና ለእትዬ መኪና ብቻ የሚከፈተው ትልቁ የብረት በር። አባባ ዱባለ ከቆርቆሮ ቤታቸው ወጥተው አዩኝ። እያለቀስኩ ነበር። የትልቁን በር መቀርቀሪያ ስበው ሁለቱንም ክንፍ ወለል አድርገው ከፈቱልኝ። የሚበሉት እንጀራ በዚያ በር ላይ እያለ ነው እንግዲህ። አልማዝ እየሮጠች ደርሳ «ማን ክፈት አለህ?» ስትላቸው፣ «ነፋስ ነው እመቤቴ፣ ዛሬ ኃይለኛ ነው» ሲሉ መንገዱ ላይ ሆኜ ሰማኋቸው። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር።

ጉለሌ ጥጥ ፈትላ የምታድር አክስቴ ዘንድ አደግሁ። ኋላ በሱዳን በኩል አድርጌ እዚህ ሜልበርን ገባሁ፤ ኮሊንግዉድ ሰፈር ፎቅ ላይ ልጆቼን እያሳደግሁ፣ ሰንሻይን የሚባል ሰፈር ፋብሪካ ውስጥ ሠራሁ። በሥራ አልታማም። ሳይጠይቁኝ ሺፍት ሲቀይሩብኝ ግን ሱፐርቫይዘሩ ፊት ቆሜ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ «ኖ» እላለሁ። ሰውየው መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ በኋላ ለመደና መጠየቅ ጀመረ።

አሁን እዚሁ ከተማ፣ ሜድስቶን ሰፈር ልጄ ቤት ነኝ። በቀደም የልጅ ልጄ ሶልያና ከትምህርት ቤት የግብፅ ፕሮጀክት ተሰጥቷት፣ የምግብ ጠረጴዛውን በሸክላ ጭቃ ለውሳ እነዚያን ትንንሽ ሰዎች ስትሠራ አገኘኋት። አንዷ ነጠላ ለብሳለች።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አልኳት።

በእንግሊዝኛዋ «አንቺ ነሻ፣ እማማ። ስሞት ምግብ ትሠሪልኛለሽ» አለችኝ።

«አልሄድም።»

«ግዴታሽ ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ነው» ብላ ሳቀች።

ከጎኗ ቁጭ አልኩና የአባባ ዱባለን ነገር አጫወትኳት። ከአማርኛዬ ግማሹ ሳያመልጣት አይቀርም። ስጨርስ ግን ነጠላ የለበሰችውን አንሥታ መቆፈሪያውን ከእጇ ነቀለችላት፣ ከረጢቱንም ከጀርባዋ በጥፍሯ ፈቀፈቀችው።

«ታዲያ ምን ትያዝ?» አለችኝ፣ አሁን በአማርኛ።

«ምንም። ባዶ እጇን ትቁም።»

«ቲቸሬ ረስተሻል ብትለኝስ?»

«አልረሳሁም በያት።»

በማግስቱ ፕሮጀክቱን ይዛ ስትሄድ አየሁ፤ ባዶ እጇን የሆነችውን ከሁሉም ፊት አቁማታለች።

አንዳንዴ ከዚያ ሁሉ ወሬ ምን ቀረኝ እላለሁ። አባባ ዱባለ የዚያን ንጉሥ ስም ስንት ጊዜ ነግረውኛል፣ ወርቁንም፣ ዕቃውንም አንድ ባንድ ቆጥረውልኛል፤ ሁሉም ጠፍቶኛል። አላዝንለትም። እሱን የሚያስታውስ ሰው ሞልቷል፣ እኔ የማስታውሰው የዘበኛውን ስም ነው።